ጢሱ ያልጠፋ ቤት፤ አሮጌ ቤቶች በልብ ወለድ ዓለም

ከሶዶ ከተማ ወጥቶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚሄድ መንገደኛ፣ እንሰቱ ከጓሮ እስከ ጎን ጋርዶት የሣር ክዳኑ ጫፍ ብቻ ከሚታይ ቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ከሆነ፣ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ «ቤቶች!» ሲል ይጣራል። ይህን ጥሪ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ምን እንደምንል አናስተውለውም እንጂ፣ የምንጠራው አባወራውን በስሙ፣ እማወራይቱንም በማዕርጓ አይደለም፤ የምንጠራው ቤቱን ራሱን ነው፣ ያውም ለከበረ ሰው እንደሚደረገው በብዙ ቁጥር። ከውስጥ «ማን ልበል?» የሚል ድምፅ ሲመለስልን፣ የተናገረው ሰው መሆኑን ብናውቅም፣ መልሱ የተሰጠው በቤቱ ስም ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም ያሉ ሊቃውንት «ቤት እንዴት የታሪክ ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል?» እያሉ ብዙ ሐተታ የጻፉበትን ጥያቄ፣ የእኛ ቋንቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ በአንዲት ቃል ከመለሰው ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ቃሉን ጥቂት ብንመረምረው ምሥጢሩ ይበልጥ ይገለጻል። ቤተሰብ ማለት የሰው ቤት ማለት ነው፤ ባለቤት ስንልም የንብረቱን ጌታ፣ የትዳር ጓደኛን፣ ደግሞም በሰዋስው ድርጊቱን የሚያደርገውን ስም ማለታችን ስለሆነ፣ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ራሱ ያለ ባለቤት አይቆምም። ባለ ቅኔው ስንኙን ሲያሳርፍ ቤት መታ ይባላል፤ በግእዙም ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ በሦስት፣ ዋዜማ በአምስት፣ ሥላሴ በስድስት ይቆማል፤ ቤቱ የጎደለ ቅኔ ለመምህሩ ጆሮ ምሰሶው እንደ ወለቀ ጎጆ ነው። ማኅደር የሚለው ቃል ማደሪያን እንደሚያመለክት ሁሉ መጽሐፍ የሚከተትበትንም የቆዳ ማኅደር ያመለክታልና፣ በአባቶቻችን ዘንድ ሰው የሚያድርበትና መጽሐፍ የሚያድርበት በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ወላይታኛውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሕንፃ ኬታ ሲባል፣ ሰው ውሎ የሚገባበት፣ ርቆ የሚናፍቀው ቤት ሶ ይባላል፤ ቤተሰቡም ሶ አሳ፣ የቤት ሰዎች ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የልብ ወለድ ደራሲ ድካም ሁሉ ኬታውን ሶ ለማድረግ ነው፤ ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን ግን በኬታው ላይ ይቀራሉ፤ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ የጦር መስቀያውን ከቈጠሩልን በኋላ ቤቱን ረስተው ወደ ሰዎቹ ይሄዳሉ።

በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ቤት ዋና ሰው የሆነበት ልብ ወለድ በአብዛኛው የፍርሃት ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል በ1764 እ.ኤ.አ. በኦትራንቶ ግንብ ላይ የተመሠረተ ድርሰቱን ካሳተመ ወዲህ፣ ጨለማ መተላለፊያና የሚንቋቋ በር የሌለበት ቤት ለአንባቢው ቤት መስሎ የማይታይበት መዋዕል መጣ። ኤድጋር አለን ፖ በ1839 በጻፈው አጭር ታሪክ ሕንፃውንም ዘሩንም «የአሸር ቤት» በሚል አንድ ስም ጠርቶ ሁለቱን በአንዲት ሌሊት አፈረሳቸው፤ ናትናኤል ሆውቶርን በ1851 በግፍ በተወሰደ መሬት ላይ የቆመ ቤት የአባቶችን ዕዳ ከልጅ ልጆች ሲያስከፍል አሳየ፤ ቻርልስ ዲከንስ በሠርጓ ቀን የተከዳችውን ሴት ሰዓቶቹ ሁሉ በቆሙበት ቤት ውስጥ አስቀመጣት፤ ቶኒ ሞሪሰን ደግሞ በ1987 ባሳተመችው ልብ ወለድ፣ ቍጥሩ 124 በሆነ የኦሃዮ ቤት ውስጥ የሞተች ሕፃን መንፈስ እንዲያድር አድርጋ የባርነትን ግፍ ከነመቃብሩ ወደ ሳሎን አገባችው። የትሪኒዳዱ ናይፖል በ1961 የጻፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ በእርሱ ዘንድ ቤቱ የሚፈራ ሳይሆን የሚመኙት ነው፤ አቶ ቢስዋስ የሚባል ምስኪን ጋዜጠኛ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ተንከራትቶ በመጨረሻ ዕዳው ያላለቀ፣ አሠራሩም የተጣመመ የራሱ ቤት ውስጥ ይሞታል። እኔ ከሁሉም ይህን አስበልጣለሁ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ምክንያቱን ልንገር። የነዚያ ሰዎች አሮጌ ቤት የሚያስፈራው መኖር የማይገባው ነገር በውስጡ ስላለ ነው፤ ሙት አልወጣ ብሎ፣ ኃጢአት አልሰረይ ብሎ፣ ምሥጢር አልቀበር ብሎ በቤቱ ይመላለሳል። በእኛ አገር ግን ስለ ክፉ ቤት ስናወራ የምንለው «ውቃቢ የራቀው ቤት» ነው፤ ቆሌው የተገፈፈ፣ አድባሩ የተለየው፣ እሳቱ የጠፋበት ቤት ነው። ሰይጣን የሰፈረበት ቤት በተረታችን የለም አልልም፤ ቢሆንም ሰይጣኑ የሚገባው ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። የእነርሱ ቤት ስለ ሞላ ያስፈራል፤ የእኛ ስለ ተተወ። የልብ ወለዳችንን አሮጌ ቤቶች በዚህ መስፈርት ብንመለከታቸው ከውጭ በተቀዳ መስፈርት ከምናያቸው ይልቅ ጠባያቸው ይገለጥልናል።

ወደ ጥንቱ ብንመለስ፣ በአሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ በተጻፈው ክብረ ነገሥት ውስጥ፣ ቤት ራሱ የሤራው ተካፋይ ሆኖ እናገኘዋለን። ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥት ማክዳን በቤቱ ካለው ሁሉ ምንም ነገር በግድ እንዳትወስድ ካስማላት በኋላ፣ ጥም የሚያመጣ ምግብ አቀረበላት፤ ከዚያም በአዳራሹ መካከል የውሃ ዕቃ አኖረ። ንግሥቲቱ በሌሊት ተነሥታ ውሃውን ስታነሣ እጇን ያዘ። እዚህ ላይ ያለው ጥበብ የሚደንቅ ነው፤ መሐላው የተማለው ስለ ቤቱ ዕቃ ነው፣ ወጥመዱ የተዘረጋው በቤቱ ወለል ላይ ነው፣ ቤቱ ምስክርም ወጥመድም ሆኗል፤ የአንድ ሥርወ መንግሥት አመጣጥ በአንዲት ጣሳ ውሃ ላይ ተንጠልጥሏል። በላስታም ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የወጡት አብያተ ክርስቲያናት ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቤተ አማኑኤል ተብለው እያንዳንዳቸው በየስማቸው ሲጠሩ፣ በትውፊቱም ቀን ሰዎች የጠረቡትን ሌሊት መላእክት ሲያሳልጡት፣ ሕንፃው እንደ ቅዱሳኑ ሁሉ ገድል ያለው ሆኗል።

በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ቤት በሙሉ ኃይሉ የታየው፣ እኔ እንደማምነው፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር በጎጃም ወዳለው ወደ አባትዋ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ የገባው ወደ አንድ ባላባት ግቢ ብቻ ሳይሆን፣ የራሱ ሐሳብና የራሱ ኩራት ወዳለው ነገር ሁሉ ነው። ሰብለ ወንጌል እንደ እርስዋ ያሉ ልጆች ከሚዳሩበት ዕድሜ አልፋ ሳትዳር የቀረችው አባትዋ ስለ ጠላት አይደለም፤ ለልጁ የሚሻው እጅግ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ከቍመቱ ጋር የሚተካከል ቤት አላገኘም። የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ በሰውነቱ ሳይሆን በዘሩ ይመዘናል፤ ሚዛኑን የያዘው ቤቱ ነው፤ ልጂቱም በገዛ አባትዋ ቤት ውስጥ እንደ ተቈለፈበት ሣጥን ዕቃ ትቀመጣለች። የቤቱ ዘመድ ጉዱ ካሳ ይህን ከማንም ይበልጥ ያያል፤ የአገሩን የማኅበር ሥርዓት ሕይወት ያለው አካል ሳይሆን፣ የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ፣ የላይኛው የታችኛውን ተጭኖ የቆመ የድንጋይ ካብ አድርጎ ይመስለዋል። ይህ አምሳል ብዙ ጊዜ ስለ ፖለቲካ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ በእኔ አሳብ ግን አስቀድሞ ስለ ቤት የተነገረ ነው፤ ጉዱ ካሳ ስለ መንግሥት ሲናገር በዓይኑ ፊት የነበረው ግድግዳ የፊታውራሪ መሸሻ ግድግዳ ነበር። ሰብለ ወንጌል የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣም፣ ያ ቤት ከነጦሩና ከነአሽከሩ ቀረ፤ በዚያች ሌሊት ግን ውቃቢው ወጥቶአል።

ይህን ታሪክ ብዙ የእኔ ዘመን ሰዎች በዓይናቸው ከማንበባቸው በፊት በጆሮአቸው የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። እኔም የሰማሁት በሶዶ አራዳ ሰፈር፣ አንዲት ሬዲዮ ባለባት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ግማሾቻችን መደብ ላይ ግማሾቻችን ደጅ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ የጎጃምን አዳራሽ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ያን አዳራሽ በገዛ አያቱ ቤት አምሳል ሠራው። የእኔ ፊታውራሪ መሸሻ እስከ ዛሬ ድረስ ከኋላው እንሰት በተተከለበት ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ይህንም አሳብ ለማቃናት ፈልጌ አላውቅም።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ቤቱን በሌላ መንገድ ይይዘዋል። በሰሜን ሸዋ በአርማንያ ያለው የባለርስቷ የወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ዝም የሚል ቤት አይደለም፤ ካህኑ፣ ገባሩ፣ ልጆቹ፣ አገልጋይቱ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣው ወጣት ሁሉ ሲከራከሩበት ይውላል፤ ያ ልጅ እንደ ስሙ ያደፈርሰዋል። አንዳንዶች መጽሐፉ በንግግር ብዛት ይከብዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ቤትን በግድግዳው ሲገልጡት ዳኛቸው በድምፁ ስለ ገለጠው፣ አንባቢው የዚያን ቤት ስፋትና ጥበት የሚያውቀው ማን ከማን አጠገብ ቆሞ እንደሚናገር፣ ማን ሲናገር ማን እንደሚያቋርጠው በመስማት ነው።

ከዚህ በኋላ ቤቱን የለወጠው ደራሲ ሳይሆን አዋጅ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፣ የመኳንንቱ ግቢ በጣውላና በአቡጀዴ እየተከፈለ ለብዙ አባወራ ተሰጠ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚባል ነገርም ወደ ንግግራችንና ወደ ልብ ወለዳችን ገባ። አሮጌ ቤት ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ታሪክ ውስጥ ሲታይ ባለቤት የለውም፤ ነዋሪ እንጂ። ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠግነው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዱ ክፍል የሚያለቅሰውን ሌላው ክፍል ይሰማል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ከዚህ ቀደም የነበሩትን የውቤ በረሃን የሌሊት ቤቶች አሳይቶናል፤ እነዚያም ቤቶች የሁሉ ናቸውና የማንም አይደሉም፤ በዚህ ረገድ የቀበሌው ቤት ታላላቅ ወንድሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሰሜኑና የአዲስ አበባው ቤት ታሪክ ነው፤ በደቡብ በኩል ስንዞር ግን ቤቱ ራሱ ሌላ ጠባይ አለው። ፍቅረማርቆስ ደስታ በ«ከቡስካ በስተጀርባ» እና በተከታዮቹ መጻሕፍት ካርለት የምትባለውን የውጭ ምሁር በሐመሮች ጎጆ ውስጥ አስቀምጦ የከተማውን አንባቢ ከእርስዋ ጋር ጎንበስ ብሎ እንዲገባ አድርጎታል፤ ጎንበስ ብሎ መግባት እንኳ ለብዙ የከተማ ሰው ትልቅ ትምህርት ነበር። በጎረቤታችን በጋሞ፣ በዶርዜ ያለው የቀርከሃ ቤት ደግሞ ደራሲ ሳይነካው ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ፊቱ ዝሆንን ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ምስጥ ከሥሩ እየበላ በየዓመቱ ያሳጥረዋል፣ እንደ ሽማግሌም ወደ መሬት ይጎነበሳል፤ ሲያስፈልግ ሰዎች ተሰብስበው በትከሻቸው አንሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ይወስዱታል። ሲወለድ ረጅም፣ ሲያረጅ አጭር፣ ሲቸገር የሚሸከሙት ቤት! ፖም ሆውቶርንም ይህን ቢያዩ ኖሮ ጀርባቸውን ለግንቡ ይሰጡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የወላይታ ቤት እንዲህ በቍመቱ አያስደንቅም፤ ጥበቡ በአቀማመጡ ነው። ከደጁ ሣር ያለበት ሜዳ፣ ከጀርባው ኡታ የሚሉት እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥግ ቡና፣ ከዚያ ወዲያ ዳርኳ የሚባለው ለም ማሳ፣ ከሁሉ ርቆ ሾካ የሚባለው የውጭ እርሻ ነው። ከብቶቹ በቀድሞው ሥርዓት ሌሊት በቤቱ ውስጥ በአንድ ወገን ያድራሉ፤ በጠዋት ፍጉ ይጠረግና ከምድጃው አመድ ጋር ወደ ዳርኳው ይወጣል። ስለዚህ ዳርኳው ለም የሆነው ቤቱ ስለሚመግበው ነው፤ ሾካው የሳሳው ቤቱ ስለራቀው ነው። ቤቱ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ያበላል፤ አንድ ቤት ሲፈርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሾካው ወደ ዳርኳው እየቀረበ ይመጣል፤ የመሬት ሊቃውንት ይህን በሰንጠረዥ ያስረዳሉ፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያገኝበት ነበር።

ታሪክም በዚህ አገር ቤት ላይ ምልክቱን ጥሏል። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱን ንጉሥ የሞተሎሚን ነገር ይተርካል፤ የወላይታ ሰዎችም ያን ስም የራሳቸው አድርገው ይናገሩታል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ በዘመቱ ጊዜ አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሟል። ካዎ ጦናም ቆስለው ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ስለዚያ ጦርነት የሚነገረው ነገር እስከ ዛሬ የሚቈጠረው በሰው፣ በከብትና በመሬት ነው፤ በዚያ ሰሞን እሳታቸው ስንት ቀን ሳይነድድ ስላደሩት ምድጆች ግን ልብ ወለድ ካልተናገረ ዜና መዋዕል አይናገርም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጻፍ ቋንቋ ራሱ ብዙ ተጉዞአል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ወላይታኛ በግእዝ ፊደል ተጻፈ፤ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ በላቲን ፊደል ማስተማር ያዙ፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያቲቱ ኬታ የሚለውን ቃል በአንድ ፊደል፣ የልጅ ልጅዋ በሌላ ፊደል የሚያነቡበት ጊዜ ደረሰ። ቃሉ አንድ ነው፤ ቤቱ ሁለት በር አለው።

በባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ አሮጌ ቤትን በሌላ ዓይን አይተውታል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አነስተኛ ሱቅ ያለው ሰፋ እስጢፋኖስ የተባለ ስደተኛ፣ ከጎኑ ያለውን የፈራረሰ ባለ አራት ፎቅ ቤት ጁዲት የምትባል ፕሮፌሰር ገዝታ ስታሳድሰው ይመለከታል። ቤቱ እየተዋበ ሲሄድ የአካባቢው ድሆች ይነቃነቃሉ፤ በኋላ ቤቱ በእሳት ይጋያል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሰፋ ሱቅ ይልቅ ያ ቤት ይናገራል፤ የሰፋ ችግር ግን ቤቱ እንዳይፈርስ መጠበቅ አይደለም፤ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራበት ደጃፍ ያጣ ሰው ነውና፣ በሌላ ሰው ቤት መስኮት እያየ የአባቱን ቤት ያስባል። ስደት ያወጣው ደራሲ ሶውን ይዞ ይሄዳል፤ ኬታውን ጥሎ።

ባለፈው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ከቦዲቲ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር አንዲትን አሮጊት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጃቸው በዚያው ግቢ ሲሚንቶ ወለል ያለው የቆርቆሮ ቤት ሠርቶላቸዋል፤ አልጋቸውም፣ ሣጥናቸውም፣ ብርሃኑም በዚያ ነው። አሮጌው የሣር ቤት ግን አልፈረሰም፤ ከጎኑ ጥቂት ዘምሞ ቆሟል፤ የመካከሉ ምሰሶ በተቀመጠ ሰው ጀርባ ቍመት ልክ ያለው ቦታ፣ የሟቹ ባለቤታቸው ጀርባ ሲደገፍበት የኖረው፣ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያበራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጥቀርሻ ነው። አመሻሹ ላይ እማማ ከአዲሱ ቤት ተነሥተው ወደ አሮጌው ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ገለባ ለኰሱ።

«እማማ፣ እዚህ የሚያድር ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«የለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ እሳቱ ለማን ነው?»

ወደ ጣሪያው ቀና ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ጢስ የማያገኝ የሣር ክዳን ነቀዝ ይበላዋል፣ እርጥበትም ያበሰብሰዋል፤ ቀርከሃውም ሣሩም ዕድሜ የሚያገኙት ከምድጃው ነው። እርሳቸው ግን ይህን አላሉኝም። ዓይናቸውን ከጢሱ እየጠበቁ፣ «ያችን ግንድ ወዲህ በላት፤ ዛሬ ዘግይቼበታለሁ» አሉኝ።